የክኒኗ ዋጋ

የዛሬው ዝግጅታችን ሕዝብ ድህነትንና በሽታን ለመታገል ሲነሳ ምን ዓይነት ጉልበት እንደሚኖረው ይመለከታል። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ስለ ሁሉም ላውራ ብል አንዱንም በቅጡ ሳልነግራችሁ ሰዓቱ ያልቅብኛል። ስለዚህ አንድ ታሪክ መርጫለሁ። ቦታው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዘመኑም 1998 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመቶች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ደርባን ከተማ አጠገብ ባለው በክዋማሹ ሠፈር ጉጉ ድላሚኒ የምትባል የ36 ዓመት ሴት ትኖር ነበር። በ1998 የዓለም ኤድስ ቀን ሲከበር በዙሉ ቋንቋ በሚተላለፍ ሬዲዮ ቀርባ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ በራሷ አንደበት ተናገረች። ሠፈሩ ይህን ሊሸከመው አልቻለም። ስማችንን አጠፋሽ ያሉ ሰዎች በዚያው ወር ተሰብስበው ደበደቧት፤ በደረሰባትም ጉዳት ሞተች። እኛ ሬዲዮ ላይ የምንሠራ ሰዎች እንግዶቻችንን “ተናገሩ፣ ዝምታውን ስበሩ” እያልን ስንጋብዝ ይህችን ሴት ማስታወስ ያለብን ይመስለኛል። ተናግሮ ወደ ሠፈሩ የሚመለሰው እንግዳው እንጂ ጋዜጠኛው አይደለምና።

በዚያው ወር፣ ዲሴምበር 10 ቀን፣ ኬፕታውን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደጃፍ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ይጾሙና አላፊ አግዳሚውን ያስፈርሙ ነበር። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ነፍሰ ጡር እናቶች ቫይረሱ ወደ ልጆቻቸው እንዳይተላለፍ የሚያደርገውን መድኃኒት መንግሥት ያቅርብላቸው የሚል። ከመካከላቸው ዛኪ አክማት የተባለው፣ በጸረ አፓርታይድ ትግሉ ዘመን የታሰረ፣ ቫይረሱም በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው ነበር። ያ ስብስብ ቆየት ብሎ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቲኤሲ ተብሎ በዓለም የታወቀው የሕክምና ጠያቂዎች ማኅበር ሆነ።

ከጉጉ ድላሚኒ ሞት በኋላ አባላቱ ደረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል “ኤችአይቪ ፖዘቲቭ” ተብሎ የተጻፈበት ካናቴራ አሠሩ። የለበሱት ሕሙማን ብቻ አልነበሩም። ያልተያዘውም፣ ተመርምሮ የማያውቀውም አብሮ ለበሰው። መንገድ ላይ 50 ሰው ያንን ካናቴራ ለብሶ ሲያልፍ የትኛው የታመመ፣ የትኛው ያልታመመ እንደሆነ ማን ይለያል? ደብዳቢ ቢመጣ ማንን ይመርጣል? በ2002 መጨረሻ ኔልሰን ማንዴላ የኬፕታውን ሠፈር በሆነችው በካዬሊትሻ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት የሚያካሂደውን ክሊኒክ ሲጎበኙ ያንኑ ካናቴራ ለብሰው ታዩ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ታሪኩ ያለ እሱ አይገባምና ትንሽ ታገሡኝ።

ኤችአይቪ ሲዲ ፎር የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ እየመረጠ ይገባል። ከገባ በኋላ ሕዋሱን እንደ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተጠቅሞ የራሱን ቅጂ ያባዛል። ሕዋሱ ይሞታል፤ ቅጂዎቹ ወጥተው ሌላውን ይይዛሉ። በሽታ የመከላከል አቅማችን የሚመነምነው በዚህ መንገድ ነው። አንድ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ ከቅጂዎቹ መካከል ትንሽ ተዛንፎ የወጣው ያመልጥና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ይላመደዋል። በ1996 ገደማ ሐኪሞች ያረጋገጡት ነገር ቢኖር ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ሲሰጥ ቫይረሱ ማምለጫ እንደሚያጣ ነው። አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሞት በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ።

አፍሪካ ግን ያንን የምሥራች የሰማችው ከሩቅ ነው። ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዓመት ገቢ 150 ዶላር እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚታከመው የስንት ዓመት ገቢ ተደምሮ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

መድኃኒቱ ይህን ያህል የተወደደው ለመሥራት ስለሚከብድ ነበር? አልነበረም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ሲያወጣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ ይሰጠዋል። በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ይህ መብት ቢያንስ ለ20 ዓመት ይጸናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ያንን መድኃኒት ሠርቶ መሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ባለመብቱ ብቻ ነው። ለምርምር ያወጣውን ገንዘብ ይመልስ ዘንድ ነው ይባላል። ክርክሩ ውሸት ነው አልልም፤ ምርምር ገንዘብ ይፈጃል። ይሁን እንጂ ስንት ወጣ፣ ማንስ አወጣው የሚለውን ጥያቄ በድፍረት የሚጠይቅ እስኪገኝ ድረስ መልሱ ተዳፍኖ ቆይቷል።

ደቡብ አፍሪካ በ1997 መንግሥት ርካሽ መድኃኒት ከውጭ እንዲያስገባ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒት ኩባንያዎች መንግሥትን ፍርድ ቤት ገተሩት፤ የከሳሾቹ ቁጥር 39 ደረሰ። በክሱ ላይ ከተከሳሾቹ አንደኛ ሆኖ የሰፈረው ስም የፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲሰጥ ቲኤሲ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ሕሙማንን ማስተማር። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ደጋግሜ የማነሣው ይህንን ክፍል ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕሙማን ተራ በሚጠብቁበት የክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ሥራ አጥ የነበሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሰው አካል የተሳለበት ትልቅ ወረቀት ተዘርግቶ፣ በኮሳ ወይም በዙሉ ቋንቋ፣ ሕዋስ ምን እንደሆነ፣ ቫይረሱ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ክኒን በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያግደው ይገለጻል። የመድኃኒቱ ስም በሳይንሳዊ አጠራሩ ይጠናል። የጎንዮሽ ጉዳቱም አይደበቅም፤ ይህኛው ቅዠት ያመጣል፣ ያኛው እግር ያደነዝዛል፣ ይህ ሲሆን ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ዋጋው ይመጣል። ይህ ክኒን እዚህ በዚህ ይሸጣል፤ ታይላንድ በዚህ፣ ሕንድ በዚህ፤ ልዩነቱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰች እናት ስለ ፓተንት ሕግ ስትከራከር አስቡት! ሚኒስትር መጥቶ “መድኃኒቱ መርዝ ነው” ቢላት የትኛው፣ በስንት ሚሊግራም፣ በማን ላይ ታይቶ ብላ ትጠይቀዋለች።

ክሪስቶፈር ሞራካ የቲኤሲ አባል ነበር። በአፉና በጉሮሮው ውስጥ በወጣው ፈንገስ ምክንያት ምግብ መዋጥ ተስኖት በ2000 አረፈ። ያንን ፈንገስ የሚያድን መድኃኒት ነበር፤ ፍሉኮናዞል ይባላል። የባለመብቱ ኩባንያ ክኒን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በግል ፋርማሲ በአሥሮች የሚቆጠር ራንድ ይሸጥ ነበር። ታይላንድ ውስጥ የሚሠራው፣ ይዘቱ አንድ የሆነው ክኒን 2 ራንድ አይሞላም። ዛኪ አክማት በዚያው ዓመት ወደ ታይላንድ በረረና በሺህ የሚቆጠር ክኒን በሻንጣ ይዞ ተመለሰ። ድርጊቱን አልደበቀም፤ ሕግ መጣሱን ራሱ በአደባባይ ተናገረ፤ ዘመቻውም በሟቹ ስም ተሰየመ። ሁለቱን ክኒኖች ከነዋጋቸው ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የ2000ው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የተካሄደው ደርባን ነበር፤ ጉጉ ድላሚኒ ከተገደለችበት ሠፈር ብዙም ሳይርቅ። በመክፈቻው ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሰልፍ ወጣ። በመክፈቻው ላይ ከቫይረሱ ጋር የተወለደው የ11 ዓመቱ ንኮሲ ጆንሰን ንግግር አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕይወቱ አለፈ። ኤድዊን ካሜሮን የተባሉ ዳኛ ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ከነገሩ በኋላ፣ እዚያ መድረክ ላይ በሕይወት የቆሙት መድኃኒቱን መግዛት የሚችል ደመወዝ ስላላቸው ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ዳኛ እንዲህ ሲል መስማት የተለመደ አይደለም።

ወደ ሌላ አህጉር ለአንድ አፍታ ልውሰዳችሁ። ስታቩዲን የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ፓተንት ባለቤት አሜሪካ የሚገኘው የዬል ዩኒቨርሲቲ ነበር። መድኃኒቱ ለቫይረሱ እንደሚሆን የታወቀው እዚያ ሲሆን፣ የመሸጥ መብቱን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ አከራይቶ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያገኝበታል። በ2001 መጀመሪያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ርካሹን ለማስገባት ፍቀዱልን ብለው ጻፉለት። ዩኒቨርሲቲው ውል አለብኝ አለ። የራሱ ተማሪዎች ግን ፊርማ አሰባስበው ተነሡበት፤ ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ዊልያም ፕሩሶፍም ከተማሪዎቹ ጎን መቆማቸውን በጋዜጣ ገለጹ። ብዙ ሳይቆይ፣ በማርች ወር፣ ኩባንያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መብቴን አላስከብርም፣ ዋጋውንም እቀንሳለሁ አለ። በዚያው ሰሞን ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ባለቤት ዩሱፍ ሐሚድ ሦስቱን መድኃኒት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ዓመት፣ በ350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች እሸጣለሁ ብለው ነበር። ከ10,000 ወደ 350። ያኔ ነው ዓለም የክኒኗን እውነተኛ ዋጋ ያየው።

የደቡብ አፍሪካው ክስ በማርች 2001 ፕሪቶሪያ ውስጥ መሰማት ሲጀምር ቲኤሲ ተከራካሪ ባይሆንም ለፍርድ ቤቱ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ተፈቀደለት። ያቀረበውም የሕሙማንን ቃልና የዋጋውን ጉዳይ ነው። ኩባንያዎቹ ለመመለስ ወራት ይሰጡን አሉ፤ ዳኛው ሳምንታት ሰጡ። በነዚያ ሳምንታት በየአገሩ ሰልፍ ወጣ፤ ኤፕሪል ላይ 39ኙም ክሳቸውን አነሡ። ፍርድ ቤቱ ደጅ ሰው ይዘፍንና ይጨፍር ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን በፍርድ ቤት ጎኑ የቆሙለት መንግሥት መድኃኒቱን አላመጣም። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር፤ የጤና ሚኒስትራቸው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ያወድሱ ነበር። በ2008 የታተመ የሃርቫርድ ጥናት፣ በዚያ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰው ሕይወቱን እንዳጣ ገምቷል። ቲኤሲም ትናንት የደገፈውን መንግሥት ዛሬ ከሰሰ። አባላቱ አብዛኞቹ የገዥው ፓርቲ ደጋፊዎች ነበሩና ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2002 ለነፍሰ ጡሮች መድኃኒቱ እንዲሰጥ ወሰነ፤ በ2003 መጨረሻ መንግሥት ለሁሉም የሕክምና ዕቅድ አጸደቀ። አክማት ድሃው እስኪያገኝ ድረስ አልውጥም ብሎ የተወውን መድኃኒት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ማንዴላ ቤቱ ድረስ ሄደው ለምነውት ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2001 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናትሲዮስ፣ አፍሪካውያን መድኃኒቱን በሰዓቱ ሊውጡ አይችሉም፣ ብዙዎቹ የእጅ ሰዓት አይተው አያውቁም የሚል ነገር ተናግረው ነበር። በቅዳሴ ደወልና በአዛን ቀኑን ለሚከፋፍል ሕዝብ! ካዬሊትሻ ክሊኒክ በዚያው ዓመት ሕክምናውን ሲጀምር ታካሚው ቀጠሮውን በሰዓቱ ማክበሩ ይታያል፤ መያዙን ቢያንስ ለአንድ ለሚቀርበው ሰው እንዲነግርም ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹ 287 ታካሚዎች ውጤት ሲታተም፣ ከ100 ሰው 86ቱ ከሁለት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ያለ መድኃኒቱ ብዙዎቹ ብዙ ሳይቆዩ የሚሞቱ ሰዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በሌላ መልክ ነው የመጣው። ቤት አከራይ ዕቃ ወደ ውጭ የሚወረውርበት፣ ቤተሰብ ስኒ የሚለይበት ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ የሕሙማን ማኅበራት ተመሠርተው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ የሚናገሩ ሰዎች ብቅ አሉ። ለቀብር ብቻ ያዋጡ የነበሩ አንዳንድ እድሮች ለታማሚ አባል በቁሙ መርዳት ጀመሩ። ነፃው መድኃኒት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ይዋጥ ወይስ ይተው? ብዙዎች እንጦጦ ማርያም ወጥተው ክኒኑን ጥለውታል። በዚሁ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱንም መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ይህ የስንት ሐኪም ምክር ያህል እንደሠራ መገመት አያዳግትም።

መድኃኒቱን ማን ገዛው? አብዛኛውን፣ በ2002 ሥራ የጀመረው ግሎባል ፈንድና በ2003 የታወጀው ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መርሐ ግብር። ሁለቱም ከሰማይ አልወረዱም፤ ዋጋው ባይወድቅ ኖሮ ማንም መንግሥት ያንን ወጪ አይደፍረውም ነበር፤ ዋጋውን የጣለው ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ ግርግር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ የአንድ ዓመቱ ዋጋም ከ50 ዶላር በታች ወርዷል።

ይህንን ዘመቻ ከሌላ ጋር ላነጻጽረው። በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ብዙ ገንዘብ አሰባስቧል፤ ሰውም አትርፏል፤ ውለታው አይካድም። ግን ያ ዘፈን ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። ቲኤሲ ያስተማራቸው የካዬሊትሻ ሴቶች የሚዘጉት ቴሌቪዥን አልነበራቸውም። የሚፈልጉትን በስሙ፣ በመጠኑና በዋጋው ያውቁታል፤ ስለዚህ ቃል የገባላቸውን ባለሥልጣን በሚቀጥለው ወር መልሰው ያገኙታል። በበኩሌ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ቲኤሲም ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረም። ሥራው በውጭ እርዳታ የቆመ ስለነበር በ2014 ገንዘቡ ነጥፎበት ሊዘጋ ደርሶ ነበር።

ያ ስጋት አሁን የሁሉም ሆኗል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም፣ በየአገሩ ያሉ የኤችአይቪ ክሊኒኮች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። መድኃኒቱ እንዲቀጥል የሚፈቅድ መመሪያ ቢመጣም ብዙ ቦታ መካሪውና ቤት ለቤት የሚሄደው ሰው ተመልሶ አልተቀጠረም።

እንግዲህ ከናንተ መካከል መድኃኒቱን የምትወስዱ ወይም የምትወስድ እናት፣ እህት፣ ጓደኛ ያላችሁ አላችሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የቫይረስ መጠኔ ስንት ነው? “ደህና ነው” የሚለው መልስ አይበቃም፤ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ከነቀኑ ጻፉት። በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ከቀጠላችሁ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም፤ ይህ በበርካታ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ምርመራው የለም ከተባላችሁ ከመቼ ጀምሮ፣ የጎደለውስ ማሽኑ ነው፣ ኬሚካሉ ነው ወይስ ባለሙያው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ከምትኖሩበት አካባቢ ጋር ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስማችሁን አንፈልግም። በሚቀጥለው ሳምንት የደረሱንን ይዘን አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እዚህ ስቱዲዮ እንጋብዛለን። ሰላም ሁኑ።